ለኤርቬ የነገርነው መርዶ

ኤርቬ የሞተ ዕለት መርዶ የሚነገረው ሰው አጣን። ከሚስቱ ከተፋቱ ዘመን አልፏል፤ ሌላ ስቴት ናት። ቴክስት ብናደርግላት "አዝናለሁ፣ ደግ ሰው ነበር" ብላ መለሰች። ልጅ የለውም። እናትና አባቱ ቀድመውታል። ፈረንሳይ አገር የምናውቀው አንድ ቁጥር ቢደወል ቢደወል አይነሳም። የቅዳሜ ኳስ ቡድናችን በረኛ ጋሽ ታደሰ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናቸውን ተደግፈው ቆዩና "ታዲያ ማንን ነው የምናረዳው?" አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን። ሐዘኑን ሰምቶ የሚደነግጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኛ ደግሞ እዚያው ነበርን። እንዲሁ ቆመን ቆመን ወደየቤታችን ሄድን።

ኤርቬ በጉብዝናው ጊዜ የፈረንሳይ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። ስሙን የሚያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ እሱም ይህ አይከነክነውም። የመሐል ተከላካይ ነበራ። "አጥቂ ሲያገባ ይታወሳል። ተከላካይ የሚታወሰው ሲያበላሽ ነው። ማንም ካላወቀኝ በደንብ ሠርቻለሁ ማለት ነው" ይል ነበር። አንድ ጊዜ ግን አበላሽቷል፤ እመጣበታለሁ።

የተዋወቅነው ዳላስ አጠገብ፣ ግሬፕቫይን፣ ኤርፖርቱ ጥግ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነው። እኔ የሻትል ሹፌር፣ እሱ ሜንቴናንስ፣ የጥገና ሠራተኛ። የቫኔ ተንሸራታች በር አልዘጋ ብሎኝ እየታገልኩ፣ መንገደኞቹ ሰዓታቸውን እያዩ፣ አንድ ረጅም ሽበታም ፈረንጅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣና ዝም ብሎ በሩን ያየው ጀመር። ያያል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያያል። ለሠርግ የመጣ ሽማግሌ እንጂ ጠጋኝ አይመስልም። "ምነው፣ ሄልፕ አታደርገኝም እንዴ?" አልኩት ብሽቅ ብዬ። "የሚቸኩል ተከላካይ ይታለፋል" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ እጁን ከጀርባው ሳያነሳ የበሩን የታችኛውን ጥግ በእግሩ ጎን አንዴ መታው። በሩ ተዘጋ።

እኩያዬ አልነበረም፤ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ግን ታኬታ አድርጎ ቁርጭምጭሚቴን የሚጠልፍ ሰው አንቱ አይባልም። ጋሽ ታደሰ ግን አንቱ ይባላሉ፤ እሳቸው በረኛ ናቸው፣ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ታሪኩን በምሳ ሰዓት በቁራሽ በቁራሽ ነው የነገረኝ። ዝናብ የማያባራበት የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ገና ጎረምሳ ሳለ ክለብ ወሰደው። አብዛኛውን ዕድሜውን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫውቶ፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጥተው ከትልልቆቹ አጥቂዎች ጋር ተጋፍቷል። የአንዱ ጥርስ ክርኑ ላይ የተወውን ጠባሳ ያሳየናል፤ የአጥቂውን ስም ግን አይናገርም። "ሰውየው ዝነኛ ነው። ጥርሱን ማጣቱ ይበቃዋል" ይላል።

ከጎኑ የሚሰለፈው ሌላው የመሐል ተከላካይ ሬሚ የሚባል ነበር። ስለ ሬሚ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። "አንድም ቀን ዞሬ አላየሁትም። 'ሬሚ' ብዬ እጣራለሁ፤ እሱ እዚያ አለ። ሚስቴን እንኳ እንደዚያ አላምናትም ነበር።" እንግዲህ ክለባቸው ላለመውረድ በሚጫወትበት የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ኳስ የኤርቬን እጅ ነካች። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ገባች። ክለቡ ወረደ። "እጄ የት እንዳለ አላወቅሁም ነበር" አለኝ። "እግርህ ቢሳሳት ሰነፍ ይሉሃል። እጅህ ከተሳሳተ ግን ሌባ ነህ።" መልበሻ ክፍል ሲገቡ ሁሉም ፊቱን አዞረበት። ሬሚ ብቻ መጥቶ እግሩ ሥር ተንበረከከና የታኬታውን ክር ፈታለት።

ከዚያ ወዲያ ኤርቬ እጁን ወደ ኋላ ሳያደርግ አይሄድም። ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ግሮሰሪ ውስጥም እንደዚያው ነው። የአንዱ ጓደኛችን ልጅ ክርስትና የተነሳ ዕለት ቤተ ክርስቲያን መጥቶ እንደዚያው ቆሞ አስቀደሰ፤ እናቶቹ "እንዴት ያለ ትሑት ፈረንጅ ነው" አሉ።

ከክለብ ክለብ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ከበፊቱ እያነሰ፣ በመጨረሻ በአዳራሽ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ቡድን አስፈርሞት ዳላስ መጣ። ጉልበቱ እዚህ አለቀ። አገባ፣ ፈታ፣ ቀረ። የሬሚ ነገር ግን አልተቋረጠም። እሁድ እሁድ ይደውላል። ስፒከር ላይ አድርጎ፣ ሁለቱም ያዩትን ጨዋታ ይዘው የዘመኑን ተከላካዮች አንድ በአንድ ሲያሙ ይውላሉ። ፈረንሳይኛ አልሰማም፤ ሐሜት መሆኑን ግን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

እኛ ጋ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሮውሌት፣ ሐይቁ አጠገብ ያለው ፓርክ እንጫወታለን፤ ቦርጭ ያወጣን ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የቢሮ ሰዎች። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አለ፣ እሁድ ሁሉም በየፊናው ስለሆነ ቅዳሜን መረጥን። ችግራችን አንድ ነበር። ሐበሻ ሁሉ አጥቂ ነው። ተከላካይ ሁን ስትለው እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ኤርቬ አንድ ቀን ቆሞ አየንና ሳቀ፤ ከዚያ እጃችንን በየማልያችን ጀርባ አስይዞ ሜዳውን ሲያስሮጠን ዋለ። "እጅ!" እያለ ይጮሃል። በአማርኛ ነው የሚጮኸው። "ተረጋጋ"ንም "ተወው"ንም ተማረ። ቅጣት ምት ሲሰጥብን ግድግዳውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ስማችንን እየጠራ፣ በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ ብቻ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ይገፋናል። ቆጥሮ ሁላችን መኖራችንን ሳያረጋግጥ ኳስ አያስመታም። ማሸነፍ እንኳ አልጀመርንም፤ የምንሸነፍበት ጎል ግን ቀነሰ፣ እኛም ያን እንደ ዋንጫ ቆጠርነው።

በሽታው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከአዲሰን አፓርትመንቱ ወደ ሥራ የሚወስደውን መንገድ ዕድሜ ልኩን ነድቶታል፤ አንድ ጠዋት ኮል አድርጎ "ግርማ፣ መንገዱን አንስተውታል?" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሐኪሙ ለዓመታት በቴስታ የገጨው ኳስ ሊሆን ይችላል አለ፤ ላይሆንም ይችላል አለ። ኤርቬ "ዝናብ ሲዘንብ ኳሱ ከባድ ነበር" ብቻ አለ፣ ዝናቡን ይቅር እንዳለ ሰው። ሥራውን ተወ። እኛም በፈረቃ እየሄድን እናየው ጀመር፣ የሬሚን ቁጥር በየእሁዱ እያወጣን እንሰጠዋለን።

አንድ ረቡዕ የሬሚ ሚስት ደወለች። ቁጥሬን ኤርቬ ራሱ ሰጥቷት ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሬሚ ልቡ ቀጥ ብሎ እንደሞተ ነገረችኝ። "እሁድ ሊደውል ነው። እኔ አልችልም። አንተ ንገረው" አለችና አለቀሰች።

እንዴት እንደምናረዳው ለመምከር ጋሽ ታደሰ ቤት ተሰበሰብን። ባለቤቴ ሰናይት የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ቤት ነው የምትሠራው፤ እሷ ከመጀመሪያው ፊቷ አልተፈታም።

"ሥራ ላይ የሚያስተምሩን ሌላ ነው" አለች። "ማለቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነገሩን አይዝም። ሪዳይሬክት አድርጉት ነው የሚሉት።"

"ምን አድርጉት?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ወደ ሌላ ወሬ ውሰዱት ነው፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ ሰው ሞቶ ሪዳይሬክት የለም። ፈረንጅ ቢሆን ሰው ነው። እሁድ ስልክ አንስቶ፣ ከባልቴቲቱ ሰምቶ፣ ብቻውን ግድግዳ ሊያይ ነው? አላደርገውም።"

"ኦኬ" አለች ሰናይት። "እኔ ግን ፈርቻለሁ።"

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አዲሰን ደረስን። ጥቁር ጃኬት ለብሰን፣ ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በአፓርትመንቱ ደረጃ በሰልፍ ወጣን። ኤርቬ በቱታ በሩን ከፈተና ፊቱ በራ። "ጨዋታ አለ?" አለ። "የለም፣ እንዲሁ መጥተን ነው" አልነው፣ እንደ ደንቡ። ተቀመጥን። ስለ አየሩ አወራን። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ተነሡ፤ እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። "ጠንክር። የማይቀር ነው። ወንድምህ ሬሚ ሞቷል።"

የኤርቬ እጆች ከጀርባው ወጡ። የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም፤ ደረቱ ላይ አደረጋቸው፣ ጉልበቱ ላይ አደረጋቸው። ከዚያ አለቀሰ። እኛም አለቀስን፤ ሬሚን አንዳችን አናውቀውም፣ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ እናቱን ወይ አባቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው ብዙ ነው፣ ዕንባ ከየት መጣህ አይባልም። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሴቶቹ ምግብ እያመላለሱ፣ ወንዶቹ ከየሥራ ፈረቃቸው እየመጡ። ከሊዚንግ ኦፊስ፣ ከአከራዩ ቢሮ፣ አንዲት ወጣት ስለ ፓርኪንጉ ልትቆጣ መጥታ ነበር፤ ነገሩን ስትሰማ ጫማዋን አውልቃ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ኤርቬ እንዲህ አለን፦ "አባቴ ሲሞት ሌላ ከተማ ጨዋታ ነበረኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ቆመው ነገሩኝ። ማንም አልተቀመጠም።" ክፍሉን ዙሪያውን አየ። "እናንተ ተቀመጣችሁ።"

ጋሽ ታደሰ ወደ ሰናይት ዘወር ብለው አዩ። ኮርተው ነበር። ሁላችንም ኮርተን ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ ተራዬ ደርሶ ብሄድ፣ ኤርቬ መስኮቱ ጋ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። "ዛሬ እሁድ ነው?" አለኝ። "ለሬሚ መደወል አለብኝ።"

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። እሳቸው "መርዶ ሁለት ጊዜ አይነገርም" አሉ። "እንደገና ብንነግረው እንደገና አዲስ ነው። ሰውየውን በየሳምንቱ ልንገድልበት ነው?" ሌላ ምን እንደማደርግ ግን አልነገሩኝም። ከመካከላችን አንዱ "ሬሚ ወጥቷል ይሉሃል" ይለዋል፣ አንዱ "መስመር የለም" ይለዋል። ሰናይት ጴንጤ ናት፣ ውሸት ከአፏ አይወጣም፤ "እስቲ ስለ ሬሚ ንገረኝ" ትለዋለች፣ እሱም የታኬታውን ክር ታሪክ ይነግራታል። የእሷ ይሻል ነበር።

ብቻውን መኖር ሲያቅተው ሮውሌት ያለ የአረጋውያን ቤት ገባ። ከምንጫወትበት ፓርክ ቅርብ ነው። ደስ አለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ስንጨርስ ግልብጥ ብለን እየሄድን እናጫውተዋለን፣ አየሩ ሲሞቅ በዊልቸር አውጥተን ሜዳው ጠርዝ እናስቀምጠዋለን ብለን ተማከርን። እሱም ከሁሉ የሚወደው ያን ነበር፣ ሁላችንን በአንድ ላይ ማየት። ሬሚን ረስቶ እንኳ "ቡድኑስ?" ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ፋሲካ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ሳናንቀላፋ፣ ዳቦ ይዘን በጠዋት ገባን። ጋሽ ታደሰ ከፊት። ኤርቬ ቁርስ ላይ ነበር። አየን። ቀስ ብሎ ተነሣ። እጆቹ ከጀርባው ወጡና የት እንደሚያደርጋቸው አጣ።

"ማነው?" አለ።

"ምኑ?" አልኩት።

"ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም፣ ኤርቬ። በዓል ነው፣ እንዲሁ መጥተን ነው" አልኩት። ሳልጨርሰው ቃሌን ሰማሁት። ያን ጠዋት አዲሰን ያልነውም ይህንኑ ነው። ሬሚ መሞቱን ረስቷል፤ እኛ በጠዋት ተሰብስበን ፈገግ እያልን ከመጣን ሰው መሞቱን ግን አልረሳም። አላመነንም። በየተራ ፊታችንን እያየ ስማችንን ጠራ፣ ማን እንደጎደለ ሊያውቅ። በሥራ ምክንያት ያልመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ለእሱ ነው ብሎ አለቀሰ። ልጁን በቪዲዮ ኮል አሳየነው። አመስግኖ፣ ማልቀሱን ቀጠለ። ለማን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ እስከ ከሰዓት አለቀሰ። ጋሽ ታደሰ ዳቦውን ሳይቆርሱት ይዘውት ወጡ።

"ለቅሶ አስተማርነው" አሉ መኪናው ውስጥ። "የሚለቀስለትን ሰው ረሳው። ለቅሶው ቀረ።"

ያልሞከርነው የለም። ማልያ ለብሰን መጣን። ኳስ እያንጠባጠብን ገባን። ከሰዓት መጣን። በአንድ በር ሁለት፣ በሌላው ሁለት ሆነን ገባን። ሦስተኛ ሰው ባየ ቁጥር ተነሥቶ "ማነው?" ይላል። ነርሷ በመጨረሻ ለሰናይት፣ ወገኖቿ አንድ አንድ እየሆኑ ቢመጡ እንደሚሻል በትሕትና ነገረቻት። እንግዲያው አንድ አንድ ሆንን። ቅዳሜ ከፓርኩ የእሱ መስኮት ያለበት ሕንፃ ጣሪያው ይታያል። እንጫወታለን፣ እንለያያለን፣ አንዱ ብቻ ወደዚያ ይሄዳል። ገብቶ ሲቀመጥ ኤርቬ "ቡድኑስ?" ይለዋል። "ደህና ነው" ይለዋል። "ለምን አይመጡም?" ይላል። ብቻውን እንዳያለቅስ ብለን ያደረግነው ነገር ብቻውን አስቀረው፤ ሰናይት ደግሞ አንድም ቀን "አላልኳችሁም?" አላለችም። ብትለን ይቀለን ነበር።

ያለፈው ክረምት ሳንባው ታመመ። ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ሰናይትን፣ ቤተሰብ ካለው አሁን ይምጣ አላት። እሷም ሁላችንን ጠራች። ኮሪደሩ ላይ ቆመን እንደ ሕፃን ተከራከርን። አንድ አንድ እየሆንን እንግባ አልን፤ ነርሱ አንገቱን ነቀነቀ፣ ለዚያ የሚሆን ጊዜ የለም።

"እኔ አልገባም" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ፊቴን ሲያይ ይደነግጣል።"

"ጋሽዬ፣ ካልገቡ ይቆጭዎታል" አለች ሰናይት። "ይግቡ።"

ገባን። ሁላችንም፣ ግድግዳውን ተደግፈን አልጋውን ከበብነው። ኤርቬ ዓይኑን ገለጠ። አልተነሣም፣ መነሣት አይችልም። በዓይኑ ግን ከግራ ጀመረና ቅጣት ምት እንደተሰጠብን ያህል እየገፋ አሰለፈን። ስማችንን ጠራ። በዚያ ሁሉ መርሳት ውስጥ አንድም አልሳተም። "ዮናስ። ግርማ።" እስከ መጨረሻው ጠርቶ ጋሽ ታደሰ ላይ ደረሰ። "ታደሰ።" ፈገግ አለ። የጎደለ ሰው አልነበረም።

"ሁላችሁም አላችሁ" አለ። ከዚያ ግንባሩ ተቋጠረ።

"ታዲያ ማነው?"

ጋሽ ታደሰ በዕድሜያቸው ስንት ቤት መርዶ ነግረዋል። አሁን ግን የአልጋውን ጠርዝ ይዘው አቀረቀሩ። ሰናይት ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ፤ ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ በመጨረሻ ወደ ኋላ አጣመርኩት። ዞር ብዬ ሳይ ሌሎቹም እንደዚያው ቆመዋል።

ኤርቬ ዓይኑን ከእኛ ላይ አላነሣም። እስኪነገረው ይጠብቅ ነበር።